ደህና ነው አለ

ልጄ ናኦሚ ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ እናቷ አማቻት እንዳይባል። ግን አንድ ቂም ይዤባት ኖሬአለሁ። ቂሙ የጀመረው እሷ ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች ነው። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። አሁንም የምችለው የሥራ ቦታዬን እንግሊዝኛ ነው፤ ፎጣ፣ አንሶላ፣ ሳሙና፣ «ጉድ ሞርኒንግ» እና «ኖት ማይ ፎልት»። አባቷ መርዕድ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ ስለሚውል ሐኪም ቤት አብራኝ የምትሄደው፣ የምትተረጉምልኝም እሷ ሆነች።

ሐኪሙ ይናገራል። እጁን ያወናጭፋል፣ ወረቀት ላይ ሆድ ይሥላል፣ ከሆዱ ቱቦ ያወጣል፣ ቱቦውን ይከበዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ አፉን አፉን አያለሁ። ሲጨርስ ወደ ልጄ እዞራለሁ።

«ምን አለ?»

«ደህና ነው አለ።»

«ይሄን ሁሉ አውርቶ?»

«በርበሬ ቀንሺ አለ።»

በቃ። ያ ሁሉ ሥዕል፣ ያ ሁሉ ቱቦ፣ በርበሬ ቀንሺ! ልጅቷ አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ባንክ ተቀጠረች፤ ያቺ ዓረፍተ ነገሯ ግን አላደገችም። መርዕድ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ሐኪሞቹ ጭራሽ እኔን ማየት ተዉ። የእኔን ጉሮሮ እየነኩ እሷን ያነጋግራሉ፤ የታመመች በግ ጎትታ ያመጣች ይመስል።

ወደ አንገቴ ልምጣ። አንገቴ ላይ ንቅሳት አለኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ፤ አንገቴን ዙሪያውን የከበቡ መስመሮች ናቸው። ካናዳ ስመጣ አፍሬበት በሻርፕ ሸፍኜው ነበር፤ የዚህ አገር ልጆች እስከ ጆሮ ግንዳቸው ሲነቀሱ ሳይ ግን ገለጥኩት። አንድ ጠዋት ለሥራ ስነሳ ፊቴን እየታጠብኩ መስታወት ውስጥ አየሁ፤ ከመስመሮቹ አንዷ ጎብጣለች። ሌሎቹ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብለዋል። የታችኛዋ በቀኝ በኩል አንዳች ነገር ከሥሯ እንደገፋት ወጣ ብላለች። መስታወቱን በእጄ ጠረግሁት። አልተቃናችም። ምራቄን ዋጥኩ፤ መስመሯ ወደ ላይ ወጣች፣ ተመልሳ ወረደች።

አብሮኝ የሚውጥ ነገር አለ አልኩ።

ፋሚሊ ዶክተሬ በጣቱ ዳሰሰኝ፣ ውሃ አጠጥቶ አንገቴን ተመለከተ፣ ደም አስቀዳ፣ ወደ አልትራሳውንድ ላከኝ። እዚያ የምትሠራዋ ልጅ ቀዝቃዛ ቅባት አፍስሳ በመሣሪያዋ አንገቴን አሸችው። ንቅሳቴን አይታ «ቢዩቲፉል» አለችኝ። ስለ እብጠቱ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ውጤቱ ሲመጣ ለናኦሚ ኮል አደረጉ። አንገቱ የእኔ፣ ስልኩ የእሷ። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እሷ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ «ኦኬ፣ ያ፣ ኦኬ» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ወዲያው አልነገረችኝም። ጎንበስ ብላ ስልኳ ላይ አንድ ነገር ፈለገች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«እማዬ፣ ምንም አይደለም። እጢ ነው።»

ቢላው ከእጄ ወደቀ።

«እጢ?»

«እጢ። የታይሮይድ እጢ። በመርፌ ወግተው ያዩታል። ኢትስ ፋይን።»

እንግዲህ የእኔን አገር ሰው ጠይቁት። እጢ ማለት ካንሰር ነው። እከሊት እጢ ወጣባት ከተባለ ጎረቤት ድንኳን የሚከራይበትን ያስባል። «ምንም አይደለም» ማለቷስ? እኛ ዘንድ ለበሽተኛ ምንም አይደለም የሚባለው ሲብስበት ነው። አጎቴ አፈር ሊለብስ ሳምንት ሲቀረው «ፋሲካን አብረን ነው የምንፈስከው» እያልን ትራሱን እናስተካክል ነበር። ልጄ አማርኛዋ ቢሰባበርም ይህችን ወጋችንን ከየት እንደተማረቻት እንጃ፤ ደብቃኛለች አልኩ። ፊቷን አየሁት። ፈገግ ብላለች። ሲደብቁ እንዲያ ነው ፈገግ የሚባለው።

አልጠየቅኳትም። እልኸኛ ነኝ፤ ካልነገሩኝ አልጠይቅም። ቢላውን አንስቼ ሽንኩርቱን ጨረስኩ። ዕንባዬን ሽንኩርቱ ሸፈነልኝ።

የነገርኩት ለጽጌ ብቻ ነው። ጽጌ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ናት፤ ከፓርክዴል ድረስ አውቶቡስ እየለዋወጠች ትመጣለች። እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን አንሶላ እያጠፍን ነበር። ስነግራት ጫፏን ለቀቀችው።

«ዓለምዬ! ብረት እንዳታስነኪው!»

«መርፌ ነው አሉ።»

«መርፌስ ከምን ተሠራ፣ ከቅቤ? እጢ ብረት ከነካው ይበተናል! የውብአለምን እናት አታስታውሻትም? እስኪከፍቷት ድረስ ቆማ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ከፈቷት፣ በወሩ አለቀች።»

«ባይከፍቷትስ ትድን ነበር?»

«ቆማ ትጠምቅ ነበር እያልኩሽ!»

ይህ ነገር አንጀቴ ውስጥ ገባ። በዚያው ሳምንት ትልቁን ድስቴን ለጽጌ ሰጠኋት። ድስቱ ለክርስትና፣ ለማኅበር የምሠራበት፣ በግ ከነቀንዱ የሚውጥ ነው። ጽጌ ዓይኗን ከጣለችበት ስንት ዘመኑ።

«ምነው ዓለምዬ?» አለችኝ።

«ለማን ልተወው?» አልኳት።

አለቀሰች። አቅፋኝ አለቀሰች። ድስቱን ግን ወሰደችው፤ ልብ በሉ።

የመርፌው ቀን ሲቀርብ፣ ናኦሚ ሥራ ላይ ሳለች፣ ቀጠሮውን ካንሰል ላደርግ ራሴ ደወልኩ። «ዓለምሸት። ኔክ። ኖ ኒድል» አልኩ። የተቀበለችኝ ሴትዮ ታጋሽ ነበረች። ብዙ ተናገረች፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። ኢንተርፕሪተር።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በስደት ስመጣ ጉዳዬ በታየበት ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ እኔ ያልኩትን ለዳኛዋ፣ ዳኛዋ ያለችውን ለእኔ፣ አንዲት ሳይጥል የሚያቀብል። ስታነጥስ እንኳ «ይቅርታ አለች» ብሎኛል። ያ ነገር ለዳኛ ብቻ የሚሰጥ መስሎኝ ኖርኩ። ለአንገትም እንዳለ ማን ነገረኝ?

«ኢንተርፕሪተር የስ!» አልኩ። «አምሃሪክ። ዶተር ኖ።» ልጄ አትተርጉምልኝ ማለቴ ነበር።

«ዶተር ኖ?» ብላ ሳቀች። ግን ጻፈችው መሰለኝ።

ቀጠሮው ሳይሰረዝ ቀረ። እሄዳለሁ፣ መርፌውን እምቢ እላለሁ፤ ሞቴን ግን በቋንቋዬ ልስማው አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ለናኦሚ ሳልነግር ብቻዬን ሄድኩ። ዶክተሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ቀጭን ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀመጠችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከውስጡ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፤ ረጋ ያለ፣ ሰንበቴ ላይ ጸሎት የሚያሳርግ ሰው ዓይነት።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ተርጓሚዎ ነኝ። የተባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ።»

«ስምዎ ማነው?»

«እኛ በቁጥር ነው የምንጠራው።»

«እስረኛ ነዎት እንዴ?»

ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ ተናገረ። ዶክተሯ ሳቀች። እስረኛ ነዎት ወይ ያልኩትን ተርጉሞላታል! ያን ጊዜ አመንኩት።

ዶክተሯ ቀጠለች፤ ድምፁም ተከተላት። «ዛሬ አንገትዎን ዳግመኛ አያለሁ፤ ከፈቀዱ በቀጭን መርፌ ናሙና እወስዳለሁ።»

«እርስዎ ነዎት የሚወጉኝ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«በስልክ?»

«እመቤቴ» አለኝ፣ «እሷ እኔ ስትል እኔም እኔ እላለሁ። አፏ ነኝ እንጂ እጇ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ንገሩልኝ» አልኩ። ቦርሳዬን ጨበጥኩት። «መርፌ አልፈቅድም። እጢዬን ብረት አይነካውም። ስንት ወር እንደቀረኝ ብቻ ትንገረኝና ልሂድ።»

ሲተረጉምላት የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። ወንበሯን ጎትታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔን እያየች፤ ስልኩን አይደለም።

«ካንሰር አለብዎት ያለ ማነው?»

«ልጄ። እጢ ነው አለችኝ።»

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ሰማሁ። ሽማግሌው ከዶክተሯ ጋር ትንሽ ተነጋገረና ወደ እኔ መጣ። «እመቤቴ፣ ቃሉን እንዳብራራ አስፈቅጃለሁ። እጢ በእኛ ቋንቋ ሁለት ነው። አንዱ ክፉ ሆኖ የሚበቅለው፣ እርስዎ የፈሩት ነው። ሌላው እግዚአብሔር ሲፈጥረን ያስቀመጠው ነው፤ ምራቅ የሚሠራ አለ፣ ላብ የሚሠራ አለ። ታይሮይድም ከነዚህ አንዱ ነው። ልጅዎ የታይሮይድ እጢ ያሉት እሱን ነው። እርስዎ አለዎት፣ ሐኪሟም አላት፣ እኔም አለኝ።»

«እርስዎም እጢ አለዎት?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

ሳቄ ይምጣ ለቅሶዬ ይምጣ አላወቅሁም። ሁለቱም መጡ። ዶክተሯ መሐረብ ሰጠችኝና ወረቀት አወጣች። ቢራቢሮ ሣለች፤ ጉሮሮ ላይ ክንፏን ዘርግታ ያረፈች። በዚህ አገር ሐኪም ሲሥል ስንቴ አይቻለሁ፤ ሥዕል ከነቃሉ ሲመጣልኝ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቢራቢሮዋ የሰውነትን ሙቀት፣ የልብን አመታት፣ ድካምና ብርታትን የሚገዛ ነገር ትሠራለች። የደም ምርመራዬ ሥራዋን በደንብ እየሠራች መሆኗን ያሳያል። በቀኝ ክንፏ ውስጥ ግን አንድ ጉብታ አለ፤ እነሱ ኖጁል ይሉታል።

«ሊጥ ውስጥ ሳይፈርስ እንደሚቀር ጓል ነው?» አልኩ።

ድምፁ ተረጎመ። ዶክተሯ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ልክ እንደሱ።»

«ታዲያ እንቅርት ነው በሉኛ!»

«የእንቅርት ዘመድ ነው። በአገርዎ የብዙዎቹ የመጣው በምግባቸው አዮዲን ስላነሰ ነው። የእርስዎ ግን እንዲያ አይመስለኝም፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ እንዲሁ ይወጣል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ከአሥሩ ዘጠኙ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ክፉ አይደለም። የእርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ነው መርፌው።»

«ብረት ሲነካው አይበተንም?»

እንደምትስቅብኝ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። ይህን ጥያቄ በብዙ ቋንቋ እንደሰማችው ነገረችኝ። «መርፌው ደም ከሚቀዳበት የቀጠነ ነው፤ አይበትነውም። ተከፍተው የሞቱት ሰዎች ብረቱ አልነበረም የበተነባቸው። ሕመሙ ተበትኖ ካለቀ በኋላ ነው ብረቱ የደረሰው።»

የውብአለምን እናት አሰብኩ። ቆማ ስትጠምቅ ውስጥ ውስጡን ያልቅ ነበር ማለት ነው።

«ክፉ ሆኖ ቢገኝስ?»

«የዚህ እጢ ካንሰር አብዛኛው ዝግተኛ ነው፤ ይታከማል። ግማሹን ወይም ሁሉንም በቀዶ ሕክምና እናወጣለን፤ እንደ ሁኔታው ኪኒን ይውጣሉ። ካላየነው ግን ምን እንደምናደርግ አናውቅም።»

ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። «ትውጋኝ» አልኩ። «ግን እርስዎ ስልኩን እንዳይዘጉ።»

«እዚሁ ነኝ» አለ።

አጋደሙኝ። አልትራሳውንዱን አንገቴ ላይ አድርጋ በእሱ እያየች ገባች። «አሁን አይናገሩ፣ ምራቅዎንም አይዋጡ» አለ ድምፁ፤ «እወጋዎታለሁ።» ሳቄ መጣ፤ መሳቅም ክልክል ሆነ። ትንሽ ቆንጠጥ፣ ትንሽ ግፊት፣ ደግሞ እንደገና። ሥጋ ተጠብሶ እስኪገለበጥ አልቆየም። «አለቀ» አለ። ልንሰነባበት ስንል ደግሞ «ይህን ሐኪሟ አላለችም፤ የራሴ ነው» አለኝ። «እግዜር ይማርዎ።»

ቤት ስገባ ናኦሚ አንገቴ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አይታ ጮኸች።

«ብቻሽን ሄድሽ? ማሚ! ማን ተረጎመልሽ?»

«አፍ ተከራይቼ» አልኳትና ልተኛ ገባሁ።

ውጤቱን እስክሰማ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። እጢ ሁሉ የሚያስፈራው እንዳልሆነ አውቄአለሁ፤ ግን አሥረኛዋ እኔ ብሆንስ? ጠዋት ጠዋት የጎበጠችውን መስመር እያየሁ ምራቅ እውጣለሁ። ልጄ አንድ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ትከፍትና ትዘጋለች። እኔም አልረዳኋትም።

በቀጠሮው ቀን ከሥራ ቀርታ አብራኝ መጣች። ከምንኖርበት ከዌስተን በባቡር ወርደን ሐኪም ቤቱ ደረስን። ስሜ ሲጠራ ቀድማኝ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ አይ ኒድ ቱ...»

«ተቀመጪ አልኩሽ። አንገቱ የእኔ ነው።»

ተቀመጠች። በሩን ዘግቼ ገባሁ።

ስልኩ ላይ የነበረው ያ ሽማግሌ አይደለም፤ ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅዋ የጎጃም ለዛ አለው። ዶክተሯ ወሬ አላስረዘመችም።

«ናሙናው ውስጥ የካንሰር ምልክት አልተገኘም።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችልኝ።

«እንደገና፣ አንዴ ብቻ።»

ዶክተሯ ቃሉን ሳትጠብቅ ገብቷት ራሷን ነቀነቀችልኝ። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ሲገናኝ ተሰማኝ፤ ለካ እስከዚያ ተወጥሬ ጫፉ ላይ ነበር የተቀመጥኩት።

ከዚያ ያለውን መንገድ ዘረዘረችልኝ። እንዳለ ትቶ ከጊዜ በኋላ በአልትራሳውንድ መመልከት አለ። አድጎ መዋጥ ከከለከለኝ ያንን ክንፍ በቀዶ ሕክምና ማውጣት አለ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሳይከፍቱ በሚግል መርፌ ከውስጡ ያኮማትሩታል። ከመጠን በላይ እየሠራ ቢሆን ኖሮ ኪኒን ወይም የሚዋጥ ጨረር ያለው አዮዲን ነበር፤ የእኔ ግን እንዲያ አይደለም። ድምፄ ከሻከረ፣ ምግብ ካነቀኝ፣ እብጠቱ ቶሎ ካደገ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድደውል ነገረችኝ።

«እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?»

እኔን ነው የጠየቀችው። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው ፈለግሁ፤ ማንም የለም።

«እስካልነካኝ አልነካውም» አልኩ። «ንቅሳቴን እያየሁ እጠብቀዋለሁ። ሲያብጥ የነገረችኝም እሷ ናት።»

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ መስመሬን አየች። «ጥሩ ዘበኛ ናት» አለች በተርጓሚዋ አፍ። «እኔም በዓመቱ በመሣሪያዬ አያታለሁ።»

ስወጣ ናኦሚ ቆማ ነበር። የአውራ ጣቷን ጥፍር በልታ ጨርሳዋለች።

«ምን አለች?»

ስንት ዘመን የጠበቅኋት ናት። ምላሴ ላይ ስትደርስ ጣፈጠችኝ።

«ደህና ነው አለች።»

«እና? ያን ሁሉ ጊዜ ቆይተሽ? ዛትስ ኢት?»

«በርበሬ ቀንሺ አለች።»

እኔ መንገዴን ቀጠልኩ፣ ስልኬን አውጥቼ ለጽጌ ደወልኩ።

«ጽጌ፣ ድስቴን አምጪ።»

«ውይ ዓለምዬ! ዳንሽ?»

«ድሮስ ምን ሆኜ!»

«ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!» እልል አለችልኝ። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «ግን... ባለፈው እሑድ ሥጋ ሠርቼበት ከሥሩ ትንሽ ይዞብኛል።»

«ፈትገሽ አምጪው።»

ባቡሩ ላይ ናኦሚ መስኮት መስኮቱን እያየች ተቀመጠች። ዕንባዋ ይወርዳል። ትንሽ ልታገሥ ብዬ ነበር፤ ቂሜን በደንብ ላጣጥመው። ድንገት ሳትዞር ተናገረች።

«ልጅ ሆኜ... ቃሉን አላውቀውም ነበር። ሐኪሙ ብዙ ያወራል፤ እንግሊዝኛውም ቶሎ አይገባኝም፣ አማርኛውም የለኝም። ሆድ አውቃለሁ። በርበሬ አውቃለሁ። አንቺ ታዪኛለሽ። ስለዚህ ደህና ነው እላለሁ።»

«ለምን አላውቅም አላልሽኝም?»

«ትፈሪያለሽ ብዬ።»

ያቺን ታህል ልጅ እኔ እንዳልፈራ ብላ ሆድና በርበሬ ይዛ ሐኪም ፊት ቆማ ኖራለች። እጇን ያዝኩ፤ ያንን የተበላ ጥፍር በጣቴ ሸፈንኩት። ሌላ ጊዜ ሐኪም ቤት አብራኝ ብትመጣ ልጄ ሆና እንደምትመጣ፣ አፌ ሆና እንደማይሆን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«አሁን ፕሊስ ንገሪኝ» አለችኝ። «ሁሉንም። ምን አለች?»

«ስሚ እንግዲህ» አልኳት። «እጢ ሁለት ነው። አንዱ አንቺም አለሽ...»

«እኔ?» ብላ አንገቷን ያዘች።

ቦርሳዬ ውስጥ ካጠፍኩት ወረቀት ላይ ቢራቢሮዋን ዘረጋሁላት። ዌስተን ደረስን፣ አልጨረስኩም። ከባቡሩ ወርደን አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥንና ስለ መርፌው ጀመርኩላት።